ሴፕ ጊቲንስ «ባዶ ነው» ያላቸው ጠመንጃዎች

ሴፕቲመስ ጊቲንስ የሞተ ጊዜ የከተማችን ጋዜጣ ሦስት መስመር ጻፈለት። የጥንት ጠመንጃ ገማች እንደነበር፣ በፓርሎው ጨረታ ቤት ብዙ ዘመን እንዳገለገለ፣ ቀብሩ የት እንደሚፈጸም። ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ሴፕ ራሱ ቢያነበው ኖሮ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «ይሄ ሳይፈታ የተገመተ ጠመንጃ ነው» ማለቱ አይቀርም ነበር። ሳይፈታ የተገመተ ነገር አይወድም። እኔም አልወድም፤ ስለዚህ ጋዜጣው የተወውን ልጻፈው።

ኦልዌን ፕሪስ እባላለሁ። ቴምብሪጅ ከተማ፣ በዚያው በፓርሎው ጨረታ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ከመስኮቴ ኋላ ስቀመጥ የሴፕ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ይታየኛል። ምላሷ እሾህ ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። ሴፕን እንደ ወንድሜ ነበር የማየው፣ ወንድም ደግሞ ይሰደባል።

ሐሙስ የጠመንጃ ቀን ነበር። ከዌልስ ድንበር ወዲህና ወዲያ ካሉት እርሻዎች ሰዎች ጠመንጃቸውን በጆንያ፣ በአሮጌ መጋረጃ፣ አንዳንዴም በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልለው ይመጣሉ። አብዛኛው መቶ ዓመት ያለፈው፣ ባሩዱንም እርሳሱንም በአፉ የሚጎርስ፣ መዶሻው ትንሽ የመዳብ ቆብ ላይ ሲወርድ የሚተኩስ የአደን ጠመንጃ ነው። የዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ ዘመን አጭር ነበር። በባልጩት የሚተኮሰውን ሽሮ መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ባለ ጥይቱ እሱንም ሻረው። ቢሆንም በእኛ አገር ከምድጃው በላይ አንድ ያልሰቀለ የገበሬ ቤት አልነበረም።

ሴፕ ጠመንጃ ሲሰጡት ስሙን ከማንበቡ በፊት ዘንግ ያነሳል። ቀጭኑን ዘንግ በአፈሙዙ ቁልቁል ይለቅና ያዳምጣል። ባዶ ከሆነ ዘንጉ ከታች ብረቱን መትቶ እንደ ደወል ይጮኻል። ጎርሶ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል፤ ሊጥ ውስጥ የገባ ዱላ ይመስላል። ይህን የሚያደርገው ለወጉ አልነበረም። አያቶቻችን አንድ ክፉ ልማድ ነበራቸው። ቀበሮ ዶሮ ሲጨርስባቸው ጠመንጃውን ያጎርሱና ይጠብቃሉ። ቀበሮው ሳይመጣ ይቀራል። ባሩድ በከንቱ ማቃጠል ኃጢአት ስለሚመስላቸው ጠመንጃውን እንደጎረሰ ምድጃው ላይ መልሰው ይሰቅሉታል፤ ነገ እንተኩሰዋለን ይላሉ። ነገ ሰውየው ይሞታል፣ ልጁ ይወርሳል፣ ልጁም በተራው ይሞታል፤ ጉርሻው ግን እዚያው አለ። ባሩድ እርጥበት ካልነካው አያረጅም።

ከዘንጉ በኋላ ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የያዘችውን ሽብልቅ ነቅሎ አፈሙዙን ከሰደፉ ይለያል። «ስም የሚጻፈው ከላይ ነው፤ እውነቱ ያለው ከእንጨቱ ስር ነው» ይል ነበር። ከስር፣ ማንም በማያየው በኩል፣ አፈሙዙ ተፈትኖ ማለፉን የሚመሰክሩ ማኅተሞች ተመትተዋል፤ የበርሚንግሃሙ ሌላ፣ የለንደኑ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ገበሬ ጠረጴዛውን በጡጫ እየደበደበ ሲሟገተው ሰምቻለሁ።

«ለንደን ነው የተሠራው! ይኸው ተጽፎበታል!»

«የበርሚንግሃም ልጅ ነው፤ እንደ እኔው። ማኅተሙን እዚህ ጋ ይመልከቱ።»

«ታዲያ ለንደን የሚለው ምንድን ነው?»

«ጌታዬ፣ እኔም ካፖርቴ ላይ ‹ንጉሥ› ብዬ ብጽፍ ዘውድ የሚጭንልኝ የለም። ግን አይዘኑ፤ ጥሩ ጠመንጃ ነው። የሚዋሸው ስሙ እንጂ ብረቱ አይደለም።»

ብረቱንም ያነብ ነበር። ተጠማዝዞ የተቀጠቀጠ ብረት ገላው ላይ እንደ እንጨት ጅማት መስመር ያወጣል። አንዳንድ ተንኮለኛ ያንን መስመር በቀለም ይስለዋል፤ ሴፕ ደግሞ ጨርቅ በምራቁ አርጥቦ ያሸዋል፣ ቀለሙ ከለቀቀ ምንም ሳይናገር ጨርቁን ለባለቤቱ ያሳያል። ከጎኑ የተደፈነ የብሎን ቀዳዳ ካገኘም ጠመንጃው በባልጩት ይተኮስ የነበረና ኋላ የተለወጠ መሆኑን ያውቃል። ዋጋውን ከሁሉም በላይ የሚቆርጠው ግን ቆዳው ነበር፤ ሠሪው መጀመሪያ ያለበሰው ቡናማ ቀለም። እዚህ ላይ የአገራችን ሴቶች ጉድ ያፈላሉ። እኛ ሞት ሲመጣ ደጃፍ የምንፈገፍግ ሰዎች ነን፤ ጨረታ ሲመጣ ደግሞ ጠመንጃ እንፈገፍጋለን። በአሸዋና በናስ ማጽጃ ሌሊቱን ሲያሹት ያደሩትን፣ እንደ ማንኪያ የሚያበራ ጠመንጃ በኩራት ሲያስረክቡት «እመቤቴ፣ ቆዳውን ገፈው አመጡልኝ እኮ» ይላል፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ዘመድ እንደሞተበት።

ቃሉ በአካባቢያችን የታመነ ነበር። «ሴፕ ባዶ ነው ብሏል» ከተባለ ሁለተኛ ዘንግ የሚያነሳ አልነበረም። ሰዉ ጠመንጃውን ገዝቶ ይሄዳል፣ ሳሎኑ፣ መጠጥ ቤቱ፣ መኝታ ክፍሉ ይሰቅለዋል። ጉዳችን የመጣው በዚህ በኩል ነው።

ሴፕ ልጅ ሳለ በርሚንግሃም፣ ጠመንጃ ሠሪዎቹ ሰፈር ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሥራ ቤት ተቀጥሮ አዲስ አፈሙዝ ከልክ ባለፈ ባሩድ እየተኮሰ ይሞክር ነበር፤ ጠዋትም፣ ማታም። ጆሮውን በጥጥ ቢደፍን ሽማግሌዎቹ «ምነው ሙሽሪት፣ ራስሽን አመመሽ?» እያሉ ስለተሳለቁበት ጥጡን ወረወረው። ያ ሁሉ ተኩስ በስተርጅና ዋጋውን ጠየቀው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጎረቤቶቹ ዜና የሚሰሙት ከሱ ራዲዮ፣ በግድግዳው በኩል ነበር። ሲጠሩት አይመልስም፤ እኔ ደግሞ ሲጠሩት አለመስማት የወንድ ሁሉ አመል ነው እያልኩ አልፈው ነበር። ከተማው ግን ያወራ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ለሱ የነገረው የለም። እሱማ ዓለም ጸጥ እያለች የመጣች መስሎታል። «ድሮ መኪና ሁሉ ይጮህ ነበር፤ ዛሬ ጥሩ ሞተር መሥራት ችለዋል» አለኝ አንድ ቀን፣ ደስ ብሎት። ዘንጉን ሲለቅም ደወሉ የሚጮህለት በጆሮው ሳይሆን በልማዱ ነበር።

በጥቅምት፣ ዝናብ የሚዘንብበት ሐሙስ፣ ሚስስ ታጅ የሚባሉ ባልቴት ከኮረብታው በላይ ካለው እርሻቸው ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ በጆንያ ይዘው መጡ። ምድጃው ዳር የሚሞቁ ብዙ ገበሬዎች ነበሩ። ሴፕ ተቀበላቸው፣ ዘንጉን ለቀቀ፣ «ባዶ» አለ። ሌላውን ለቀቀ፣ «ባዶ።»

እኔ የሰማሁት ደወል አልነበረም። ጡፍ ነው ያለው፤ ሁለት ጊዜ።

እጄ ሳንቲም ላይ እንዳለ ቀረ። ዝም ብል አንድ ሰው ሊሞት ይችላል። ብናገር፣ የዚያን ሽማግሌ ያለችውን አንዲት ነገር፣ የታመነ ቃሉን፣ በሰው ፊት መንጠቄ ነው። ሰዉ ወሬውን ይዟል፤ ልብ ያለው የለም። ሴፕ ሽብልቋን ለመንቀል የሥራ መዶሻውን አነሳ።

«ሴፕ» አልኩት። አልሰማኝም። «ሴፕ!»

«ምንድን ነው ኦልዌን? ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?»

«ድገመው።»

«ምኑን?»

«ዘንጉን ነዋ!»

ሳቀ። «አንቺ ሳንቲምሽን ቁጠሪ። ጠመንጃውን ለኔ ተዪው።»

«ገንዘብ ተቀባይዋ ሹመት አገኘች!» አለ አንዱ ገበሬ ከምድጃው ዳር፤ ሁሉም ሳቁ።

«ድገመውና ሳንቲሜን እቆጥራለሁ» አልኩ። ከመቀመጫዬ ተነሳሁ፤ ሳቁ ቆመ።

ሴፕ ተቆጣ። ዘንጉን ብድግ አድርጎ ለቀቀው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጡፍ ሲል ሁሉም ሰማ። ሚስስ ታጅ ሰሙ። ውጭ በር ላይ የቆመው ሁሉ ሳይሰማ አይቀርም። ሴፕ ብቻ «ይኸው!» ብሎ በድል ቀና አለ፤ ፊታችንንም አየ። ከፊት ወደ ፊት ዓይኑን አዞረና እኔ ላይ አቆመው። አይደለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ያን ጊዜ ያደረገውን አልረሳውም። አልተከራከረም። ዘንጉ እውስጥ እንዳለ አፈሙዙ ጫፍ ላይ በአውራ ጣቱ ምልክት አድርጎ ያዘው፣ አወጣው፣ አፈሙዙ ላይ በውጭ በኩል አጋደመው። ይሄ ጆሮ አይጠይቅም፤ ለጀማሪ የሚያስተምሩት ዘዴ ነው። ዘንጉ መጨረሻው ጋ ሊደርስ አንድ ጋት ሲቀረው አለቀ። ሁለተኛውንም ለካ። ያው ነው።

«ሚስስ ታጅ» አለ፣ «ባዶ ነው ብዬዎት ነበር። ጎርሷል። ሁለቱም።»

የዘንጉ ጫፍ ላይ ጠመዝማዛ መሳቢያ አሰረና ጉርሻውን አወጣው። መጀመሪያ የተጨማደደ የጨርቅ ውታፍ፣ ከዚያ የእርሳስ ፍሬ፣ ከዚያ ባሩድ፤ ጥቁር፣ ደረቅ፣ ትናንት የተገዛ የሚመስል። ቁንጥር ታህል ወደ ግቢ ወስዶ ከጣራው ጠርዝ ስር ድንጋይ ላይ አደረጋትና ክብሪት አስጠጋ። ቦግ ብላ ሄደች። ገበሬዎቹ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆሙ።

«ስድስት ልጅ እሱ ስር ነው ያሳደግኩት» አሉ ሚስስ ታጅ። «ገላቸውን የማጥባቸው እሱ ስር ነው፤ ምድጃው ዳር።»

ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤለት ስሄድ መጋዘኑ ውስጥ ሣጥን ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ስለ ጆሮው ያዘነ መስሎኝ ማጽናኛ አዘጋጅቼ ነበር።

«ኦልዌን፣ መቼ ነው የጀመረኝ?»

«እንጃ፣ ሴፕ። ጥቂት ዓመት ሳይሆን አይቀርም።»

«ጥቂት ዓመት።» ሻዩን አልነካውም። «በጥቂት ዓመት ውስጥ ስንቱን ባዶ ነው ብያለሁ?»

እኔ ያሰብኩት የሚስስ ታጅን ጠመንጃ ብቻ ነበር። እሱ ያሰበው በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ነበር።

በማግስቱ የጨረታ ቤቱ ባለቤት ሚስተር ፓርሎው ዘንድ ሴፕ ገባ፤ በሩ ክፍት ስለነበረ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ፓርሎው ለመስማት ለሚቸገር ሰው እየጮኸ ስለሚያወራ ባይከፈትም እሰማው ነበር። ፓርሎው ክፉ ሰው አይደለም፤ ነጋዴ ነው።

«ጋዜጣ ላይ እናውጣው ሴፕ። ‹የጥንት ጠመንጃ ያላችሁ በየጊዜው አስመርምሩ› ብለን። ያንተም የኛም ስም አይነሳም።»

«እሱን አንብቦ የሚነሳ ማነው? ‹ሴፕ ባዶ ነው ብሎኛል› ብሎ ይቀመጣል። ባዶ ነው ያልኳቸው በአፌ ነው። በአፌ እመልሰዋለሁ።»

«በየቤቱ ልትዞር ነው? አንድ ሰው እንኳ ሳይጎዳ፣ እኛ ራሳችን ‹ሳንመረምር ሸጠናል› ብለን ልናውጅ? ቤቱ ይዘጋል እኮ!»

«ቤቱ የእርስዎ ነው፣ ሚስተር ፓርሎው። ቃሉ የኔ ነው።»

ፓርሎው የሽያጩን መዝገብ አላሳይም አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ሴፕ ግን ሊያሸው ቆረጠ። ያን ቀን ማታ ቤቴ መጣ። እኔም እግዚአብሔር ምላስ ብቻ አልሰጠኝም፣ ሰው የማስታወስ ተሰጥኦ ጨምሮልኛል። እሱ ደግሞ ሰው ፈጽሞ አያስታውስም፤ ብረት ነው የሚያስታውሰው። ዳቦ በአይብና በኮምጣጤ በተዘፈዘፈ ሽንኩርት እየበላን ጀመርን።

«ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ ግራ መዶሻው የተለወጠ፣ ሰደፉ ላይ የብር ቅጠል ያለው።»

«ሰውየውን ንገረኝ እንጂ!»

«ሰውየውን ምን ብዬ አየዋለሁ?»

«ቆይ፣ የብር ቅጠል… ሚስቱ ‹ይሄን ዝገት የት ልታደርገው ነው› እያለች የጨቀጨቀችው! ባለ ቀይ አፍንጫው፣ የመጠጥ ቤቱ ጄንክስ!»

«በርሚንግሃም የተሠራ፣ ‹ለንደን› ተብሎ የተጻፈበት፣ አፈሙዙ ከፊቱ የተቆረጠ። በሰው መሬት ተደብቆ የሚያድን ሰው ጠመንጃ ነበር፤ ካፖርት ስር እንዲደበቅ ብለው ነው የቆረጡት።»

«እሱን የገዙት ቄሱ ናቸው።»

በዚያ ዓመት እንደዚያ ማታ የሳቅንበት ጊዜ የለም።

ከዚያ በየሳምንቱ መጨረሻ በትንሿ ሞሪስ መኪናዬ ዞርን። ሴፕ በየደጃፉ ባርኔጣውን አውልቆ አንዲት ቃል ሳይለውጥ ይህንኑ ይል ነበር፦ «ይህን ጠመንጃ ባዶ ነው ያልኩዎት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ጆሮዬ አይሰማም ነበር፤ አላወቅሁም። እንድለካው ይፍቀዱልኝ።» ለመጀመሪያ ጊዜ በጄንክስ መጠጥ ቤት፣ ቅዳሜ ቀን፣ ቤቱ ሞልቶ ሲለው እኔ ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ ነበር።

«ሴፕ፣ ቢራ ልቅዳልህ? ወይስ አልሰማኸኝም?» አለ ጄንክስ።

«ለባሩድ የሚሆን ጆሮ ጠፍቶት ለቢራ ይኖረዋል!» አለ ሌላው።

ሴፕ በወንበር ላይ ወጥቶ ጠመንጃውን አወረደ፣ ለካ። ባዶ ነበር። ጠጪዎቹ አጨበጨቡ፤ እኔም ተንፈስ አልኩ። እሱ አልሳቀም። መኪና ውስጥ ገብተን «አየህ፣ ትክክል ነበርክ» ስለው «አልነበርኩም። እንዲያው ባዶ ሆኖ ተገኘ እንጂ» አለኝ።

ቄሱ ሻይ አጠጡን። አንዲት ሴትዮ ውሻ ለቀቀችብን። አንዱ በሩን ሲዘጋ «ሽማግሌው ጃጅቷል» አለ፤ ሴፕ ስላልሰማው እኔ ሄጄ በሩን በቡጢ ደበደብኩት፣ ከፈተና ያለውን መልሶ ዋጠ። ቤት ለቤት ስንዞር የበረዶው ክረምት ገባ። ሐሙስ ሐሙስ የሚመጡት ጠመንጃዎች ቀነሱ። ፓርሎው ሴፕን አላባረረውም፤ ጠረጴዛውን ግን ወደ ኋላ፣ ጨለማው ጋ አዛወረበት። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ሁሉም ባዶ ነበር። ሴፕ በአንድ ክረምት አሥር ዓመት አረጀ።

«ይበቃል» አልኩት አንድ ቀን፣ መንገዱ በረዶ ስለነበረ ተናድጄ። «ሁሉም ባዶ ናቸው። የታጅ ጠመንጃ አንዲት ክፉ አጋጣሚ ነበረች።»

«ያየናቸው ናቸው ባዶ» አለ። «እኔን የሚያስፈሩኝ ያላየናቸው ናቸው።»

የብራዘርተኖች ቤት በአንድ መንደር ዳር፣ አዲስ ከተሠሩት ቤቶች አንዱ ነበር። ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፤ ኪትና ማርየን። ሎርና የምትባል ሰባት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ፣ አንድ ሕፃን ልጅም አላቸው። ኪት ጠመንጃውን የገዛው ለአዲሱ ቤት ጌጥ ብሎ ነበር፤ ሠርጉ ላይ እንደሚደሰት ሰው ሆኖ ከመስኮቴ ከፍሎ መሄዱን አስታውሳለሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቤቱ የተጠበሰ ሥጋ ይሸታል። ጠመንጃው ኮሪደሩ ላይ፣ ከካፖርት መስቀያው በላይ፣ አፉን ዘንበል አድርጎ ተሰቅሏል። ከስሩ የጫማ ሣጥን አለ።

ሴፕ ባርኔጣውን አውልቆ ቃሉን ተናገረ። ኪት ከልቡ ሳቀ።

«ባዶማ ነው! ሎርና ስንቴ ተኩሳዋለች! ነይ እስቲ ሎርና፣ አሳዪያቸው።»

ልጅቱ ለኛ ለማሳየት ጓጉታ ጫማ ሣጥኑ ላይ ወጣች። በሁለት እጇ መዶሻውን ወደ ኋላ ለመሳብ ስትታገል ሴፕ አንድ እርምጃ ተራምዶ እጇን ያዘ። በቀስታ ነው የያዛት። ያየውን እኔም ያየሁት ያኔ ነው። የመዳብ ቆቡ የሚጠልቅበት ጫፍ ላይ ቀይ ወረቀት ተጣብቋል፤ ልጆች በአሻንጉሊት ሽጉጥ የሚያፈነዱት ዓይነት፣ በላይ በላዩ የተጨፈለቀ።

«ጧ ይላል» አለች ሎርና። «ጭስም አለው።»

«አይቻለሁ፣ የኔ ቆንጆ። አሁን ውረጂ» አላት።

ጠመንጃውን አወረደ። ዘንጉን ወደ ቀኙ አፈሙዝ ላከ፣ አውራ ጣቱን አስቀመጠ፣ ለካ፤ ባዶ። ወደ ግራው ላከ። ለካ። እንደገና ለካ። ከዚያ ዘንጉን እንዳጋደመ ለኪት አሳየው፤ የቀረችውን አንድ ጋት በጣቱ እየነካ።

ሴፕ ውሃ ጠየቀ። በአፈሙዙ ውሃ አፍስሶ ጠበቀ፣ ከዚያ በመሳቢያው ሳበ። ውታፉ ወጣ፣ እርሳሱ ማርየን ባቀረበችው ሳህን ላይ ተንከባለለ፣ የራሰው ባሩድ እንደ ጥቁር ጭቃ ወረደ። ሴፕ በመርፌ የግራውን ቀይ ወረቀት ፈልቅቆ ስሯ ያለችውን ቀዳዳ ወጋ። መርፌው አልገባም።

«እሳቱ የሚገባው በዚች ነበር» አለ። «ዝገት ደፍኗታል።»

«እሺ…» አለ ኪት፣ ከንፈሩን እየላሰ። «እሺ፣ ምንም አልሆነም እኮ። አይደል? ምንም አልሆነም።»

ሴፕ አፉን አይቶ ገባው። «አልሆነም። ግን እንዳይሆን የከለከለው ዝገቱ ነው፤ እኔ አይደለሁም።»

ማርየን ጠመንጃው የተሰቀለባቸውን ሁለት ምስማሮች ታይ ነበር። ዓይኗ ከአንዱ ምስማር ወደ ሌላው ሄደ፣ ከዚያም አፈሙዙ ዘንበል ባለበት አቅጣጫ በአየሩ ውስጥ ወረደ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ የሕፃኑ ጋሪ ቆሟል። ሕፃኑ ተኝቶበታል። ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚተኛው፤ የጋሪው ጎማ ምንጣፉን አጎድጉዶታል።

ሄዳ ሕፃኑን ከእንቅልፉ ብድግ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። እሱም ጮኸ። ሎርና ያጠፋች መስሏት ማልቀስ ጀመረች፤ ኪት አቀፋት። ሴፕ መርፌውን፣ ዘንጉን፣ መሳቢያውን አንድ በአንድ ጠቅልሎ ቦርሳው ከተተ። ልረዳው ብዬ ነበር፤ አልፈቀደልኝም። በሩ ጋ ደርሶ ባርኔጣውን እንደያዘ ወደ ማርየን ዞረና ጎንበስ አለ። እሷ በዝግታ፣ ሳትጮህ፣ ሕፃኑን እያወዛወዘች አንድ ነገር ተናገረችው። እሱም እንደገና ጎንበስ አለና ወጣ።

መኪና ውስጥ ገብተን በሩን ዘጋን። ሞተሩን ላስነሳ እጄን ስሰድ ያዘኝ።

«ምን አለችኝ?»

«ምንም» አልኩ። «ደኅና ይግቡ ነው ያለችው።»

«ኦልዌን፣ አፏን አይቻለሁ።»

ልዋሸው እፈልግ ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ያን ክረምት ሙሉ በየደጃፉ ቆሞ ያለውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ አልቻልኩም። ዝቅ ባለ ድምፅ ነገርኩት። አልሰማም። እጁን ከጆሮው ጀርባ አድርጎ ወደኔ ተጠጋ። ከፍ አድርጌ ነገርኩት። አሁንም አልሰማሁም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ስለዚህ በዚያች ጠባብ መኪና ውስጥ፣ መስታወቱ በትንፋሻችን ጉም ለብሶ፣ የጓደኛዬ ጆሮ ላይ አፌን አድርጌ በሙሉ ድምፄ ጮኽኩ፦

«‹እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎት፤ እኔ ግን አልልዎትም› ነው ያለችህ!»

በመንገዱ ማዶ ውሻዋን ይዛ የምትሄድ ሴት ቆማ አየችን። እኔ እንባዬ መጣ። ሴፕ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ የቤቱን በር እያየ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ልክ ናት» አለ። ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አኖረ። «የቀረን ማነው?»

«ሁለት ቀርተዋል» አልኩት፣ እየጮኽኩ። ሞተሩን አስነሳሁ።